ሻጮች ከኤክሴል ወደ ሲአርኤም እንዲሻገሩ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ኦዱ የተባለው ሲአርኤም (የደንበኛ መረጃና ክትትል የሚያዝበት ሲስተም) ተተክሏል፤ 12 የሽያጭ ሠራተኞች አሉ። ሥልጠናም ተሰጥቷል። የደንበኛው መረጃ ግን አሁንም በየግል ስልካቸውና በኤክሴል ነው ያለው። ማስገደድ ነው ማባበል የሚሻለው?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ቅጹን አሳጥሩት። ግዴታ የሚሞላው ስም፣ ስልክና ቀጣዩ የቀጠሮ ቀን ብቻ ይሁን። 20 ሳጥን ሙላ የተባለ ሻጭ ነጥብ እየከተተ ያልፋል። የሰኞ ስብሰባም ከሲስተሙ ላይ ብቻ ይካሄድ፤ አለቃው «እስቲ ኤክሴሉን ላክልኝ» ካለ ነገሩ አበቃ።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፣ ግን የድሮውን መረጃ ሳታጸዱ እንዳታስገቡ። ኤክሴል የስልክ ቁጥርን የፊት ዜሮ ይበላል። አንዱ ደንበኛ በ09ም በ+251ም ተጽፎ ሁለቴ ይገባል፤ ሁለት ሻጮች ይደውሉለታል፣ በኮሚሽን ይጣላሉ፣ ጥፋቱ የሲስተሙ ይሆናል። ሁሉንም ወደ +251 ለውጡና ድግግሞሹን በቁጥሩ ለዩ። ቀኑንም እዩት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን እንዳለ ከገባ ማስታወሻው ሁሉ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈበት ሆኖ በቀይ ይታያል።

መልስ 3፦ እውነተኛው ፍርሃት «ደንበኞቼን ይነጥቁኛል» ነው። ሻጩ የራሱን መዝገብ ብቻ እንዲያይ ፈቃዱን ገድቡት፤ ኦዱ ላይ ከተጠቃሚው ገጽ ይስተካከላል። ኮሚሽንን ከሲስተሙ ማስላት ከሁለተኛው ወር ይጀመር።