ራሚ ለሦስት ሰው፦ አስ ከንጉሥ በኋላ ይቀጥላል? ክምሩ ሲያልቅስ?

ሰባት_ካርታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሆነን መደበኛውን ራሚ እየተማርን ነው፤ በ52 ካርታ፣ ያለ ጆከር። ካርታ እየሳቡና እየጣሉ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ወይም የአንድ ምልክት ተከታታይ አሟልተው ጠረጴዛ ላይ የሚያወርዱበት ጨዋታ ነው። መሠረቱ ገብቶናል፤ ሦስት ነገር ግን ሁልጊዜ ያከራክረናል። አንደኛ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ፣ አስ ብሎ ማውረድ ይቻላል ወይስ አስ ከ2 በታች ብቻ ነው? ሁለተኛ፣ ማንም ሳይዘጋ (እጁ ላይ ያለውን ሳይጨርስ) የሚሳበው ክምር ቢያልቅ ምን ይደረጋል? ሦስተኛ፣ የተሟላ ሦስት ካርታ እጅ ላይ ሲኖር ወዲያው ማውረድ ይሻላል ወይስ ይዞ መቆየት? ይዞ የሚቆይ ሰው አንዳንዴ ሁሉንም በአንዴ አውርዶ ያሸንፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከ40 በላይ ነጥብ ታቅፎ ይያዛል።

በውዝ_ቁረጥ፦

በመደበኛው ራሚ አስ ዝቅተኛ ነው። አስ፣ 2፣ 3 በአንድ ምልክት ይወርዳል፤ ንግሥት፣ ንጉሥ፣ አስ አይወርድም። ከፍ እንዲል የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፤ ስህተት አይደለም፣ ግን ካርታው ከመታደሉ በፊት መነገር አለበት። ከተፈቀደ ዋጋውም መነሣት አለበት። አስ ዝቅተኛ ሲሆን 1 ነጥብ ነው፤ በሁለቱም በኩል እያገለገለ 1 ብቻ ከሆነ ግን ይዞ መቆየቱ ምንም አያስፈራም። ስለዚህ 11 ወይም 15 የሚያደርጉት አሉ። ንጉሥ፣ አስ፣ 2 ብሎ መዞር ግን ካልተስማማችሁበት በስተቀር አይሠራም።

ስለ ክምሩ፦ ለሦስት ሰው 7 7 ሲታደል 21 ካርታ ይወጣል፣ አንዱ ተገልጦ ይቀመጣል፣ 30 ተደፍቶ ይቀራል። ሁሉም ከተደፋው ብቻ ቢስብ እያንዳንዱ 10 ጊዜ ስቦ ያልቃል። ያኔ የተጣለው ክምር ሳይበወዝ ተገልብጦ አዲስ መሳቢያ ይሆናል። «ሳይበወዝ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ ሲገለበጥ መጀመሪያ የተጣለው ካርታ አናት ላይ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ምን እንደተጣለ ያስታወሰ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ይህን የማይወዱ ይበውዙታል። እኔ ሳይበወዝ እንዲቆይ እመርጣለሁ፤ ያስታወሰ ሰው ብልጫ ሊያገኝ ይገባዋል። ችግሩ ሁሉም ካርታውን አፍኖ ከያዘ ያው ክምር መዞሩ ነው፤ ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያልቅ ዙሩ ይቁም ብላችሁ ተስማሙ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከተጣለው ያነሣችሁትን ያንኑ ካርታ በዚያው ተራ መልሳችሁ መጣል አትችሉም። ይህ ካልተከበረ አንዱ ተጫዋች አንሥቶ እየመለሰ ተራውን በከንቱ ማሳለፍ ይችላል።

ሒሳብ_ያዥ፦

ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰደው። ክርክሩ የሚመጣው ከአቆጣጠሩ ነው። አንድ ሰው ሲዘጋ የሌሎቹ እጅ ላይ ያለው ሁሉ ይቆጠርባቸዋል፤ የተሟላውም ጭምር። ሦስት ንጉሥ አሟልቶ ያላወረደ ሰው 30 ነጥብ ይከፍላል (ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ 10 10 ናቸው፤ ሌላው እንደ ቁጥሩ)። 40 የሚያልፈው በዚህ ነው።

ይዞ መቆየት የሚያጓጓው በሽልማቱ ነው። ከዚያ በፊት ምንም ሳያወርድ፣ ምንም ሳይለጥፍ (በወረደ ካርታ ላይ ሳይጨምር) ሁሉንም በአንድ ተራ የጨረሰ ሰው ከሌሎቹ የሚያገኘው ነጥብ እጥፍ ይሆንለታል። ለሁለት ሰው ይህ አንዳንዴ ያዋጣል። ለሦስት ግን ቀድመው ሊዘጉባችሁ የሚችሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሽልማቱ አደጋውን አይመልስም ባይ ነኝ።

ቢሆንም ሁሉንም እንዳገኙ መዘርገፍም ጥሩ አይደለም፤ የምታወርዱት ለሌላው መለጠፊያ ይሆናልና። እዚህ ላይ የካርታው ዓይነት ይለያያል። ሦስት 9 ብታወርዱ ሊለጠፍበት የሚችለው አራተኛው 9 ብቻ ነው። የልብ 5፣ 6፣ 7 ብታወርዱ ግን በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው፤ 4ም 8ም ይገባል፣ ከዚያ 3ና 9 ይከተላሉ። ስለዚህ ተመሳሳይ ቁጥሩን ቶሎ፣ መካከለኛውን ተከታታይ ትንሽ ዘግየት አድርጉ። ጃክ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ ከሆነ በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚቀጥልና 30 ነጥብ ስለሚከብድ ወዲያው ይውረድ። ከተጫዋቾቹ አንዱ እጅ ላይ ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ካርታ ሲቀር ደግሞ ማዘግየት የሚባል ነገር የለም።

በአንድ ተራ ስንት ጊዜ ማውረድ እንደሚፈቀድም ተነጋገሩ። ጥብቁ ሕግ በአንድ ተራ አንድ ብቻ ይላል፤ ሁሉንም በአንዴ የሚዘጋ ሰው ሲሆን ብቻ ይለያል። በዚህ ሕግ የሚጫወት ሰው ሁለት የተሟላ ይዞ ቢያዘገይ ለማራገፍ ሁለት ተራ ያስፈልገዋል።

ሰባት_ካርታ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ግልጽ ነው። ያልተሟሉትን በተመለከተስ? ሁለት ንጉሥ ሲመጣ ይያዛል ወይስ ይጣላል?

በውዝ_ቁረጥ፦

ስንት ካርታ እንደሚያሟላችሁ ቁጠሩ። ሁለት ንጉሥ የሚጠብቁት የቀሩትን ሁለት ንጉሥ ነው። የልብ 8ና 9ም የሚጠብቁት ሁለት ነው፣ የልብ 7ና 10። የልብ 8ና 10 ግን የሚድኑት በልብ 9 ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ክፍተት ብዙ አትጠብቁት። ንግሥትና ንጉሥ በአንድ ምልክትም እንደዚሁ ነው፣ ጃክ ብቻ ይቀበላሉ።

ምርጡ አያያዝ ሦስት ካርታ በሁለት መንገድ ሲያያዝ ነው። የልብ 8፣ የልብ 9፣ የእስፔድ 8 ብትይዙ የልብ 7፣ የልብ 10፣ የዳይመንድ 8፣ የአበባ 8፣ አራት ካርታ ይጠቅማችኋል።

ንጉሦቹን በተመለከተ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ተራ ይዛችሁ እዩ። አንድ ንጉሥ ከተጣለና ማንሣት ካልቻላችሁ የሚቀራችሁ ተስፋ አንድ ካርታ ነው፤ ለእሱ 20 ነጥብ መሸከም አያዋጣም። ብቻውን ያለ ንጉሥ ግን ከመጀመሪያው ተራ ይሂድ። ከ7 ጋር አስተያዩት፤ 7 በሦስት ዓይነት ተከታታይ ይገባል (5-6-7፣ 6-7-8፣ 7-8-9)፣ ንጉሥ በአንድ ብቻ።

ሒሳብ_ያዥ፦

ስትጥሉ ከእናንተ በግራ ያለውን ሰው እጅ ተከታተሉ፤ የጣላችሁትን መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው። የአበባ 8 ከተጣለው ካነሣና ወዲያው ካላወረደ፣ ሌላ 8 እንዲሁም ከአበባ 6፣ 7፣ 9፣ 10 አትጣሉለት። አስተማማኙ የሚጣል ካርታ እሱ ራሱ በቅርቡ የጣለው ቁጥር ወይም በሌላ ምልክት ሁለት ሦስቱ ያለቀ ቁጥር ነው። የሚጣለው ሁሉ አደገኛ ከሆነባችሁ ደግሞ ቢያንስ ነጥቡ ከፍ ያለውን ልቀቁ።