የደላንታ ኦፓል በድረ ገጽ ልንሸጥ ነው፤ የዶሜይን ስም (የገጹን አድራሻ) ስንመርጥ ከንግድ ምልክት በኩል ምን እንጠንቀቅ?

ጦሳ_ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። ከደላንታዋ ወገል ጤና የሚመጣውን ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ደሴ ላይ አስቆርጠን፣ ቀለበትና ሐብል አድርገን ውጭ አገር ላሉ ገዢዎች ልንሸጥ ነው። ሦስት ስም ይዘናል፦ «ወሎ ኦፓል ሾፕ»፣ «ፓንዶራ ደሴ» እና ከጦሳ ተራራ የወሰድነው «ጦሲና»። ሦስቱም በዶት ኮም አልተያዙም። የንግድ ስሙን ንግድ ቢሮ እናስመዘግባለን፣ ፈቃድም እናወጣለን። ይህን ካሟላን የሚነካን አለ? የንግድ ምልክት የሚባለውስ ለብቻው ነው?

የውል_ሰው
አብሽር፣ ካርድና ማሸጊያ ሳታሳትሙ መጠየቃችሁ ጥሩ ነው። አዎ፣ ለብቻው ነው። የንግድ ስም የነጋዴው መጠሪያ ነው፣ ንግድ ቢሮ ይመዘገባል። የንግድ ምልክት ዕቃውን ከሌላው ዕቃ የሚለየው ነው፤ የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ዶሜይን ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ውል ብቻ ነው። ሻጩ ስሙ የማን እንደሆነ አያጣራም፤ እንዲያውም ስትገዙ «የሌላውን መብት አልነካሁም» ብላችሁ የምትስማሙት እናንተ ናችሁ። «አልተያዘም» ማለት የገዛው የለም ማለት እንጂ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

«ፓንዶራ ደሴ»ን ዛሬውኑ ተዉት። ፓንዶራ የዴንማርክ ጌጣጌጥ ድርጅት ነው፣ የእናንተም ዕቃ ጌጣጌጥ ነው። የከተማ ስም መቀጠል ዋናውን ቃል አያጠፋውም። የዶት ኮም ክርክር የሚሄደው የዓለምን የዶሜይን ሥርዓት በሚያስተባብረው ድርጅት፣ በአይካን፣ የ1999 እ.ኤ.አ. ደንብ፣ ዩዲአርፒ በሚባለው ነው። ከሳሹ ሦስት ነገር ያስረዳል፦ ዶሜይኑ ከምልክቱ ጋር አንድ ነው ወይም ያምታታል፤ እናንተ በስሙ ላይ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም የላችሁም፤ ያስመዘገባችሁትም የተጠቀማችሁበትም ያለ ቅን ልቦና ነው። ዋይፖ (የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ዘንድ በአንድ ዳኛ ለሚታይ ጉዳይ ከሳሹ 1,500 ዶላር ይከፍላል። ለትልቅ ድርጅት ይህ ምንም አይደለም። እናንተ መልስ ለመስጠት 20 ቀን አላችሁ፤ ዝም ካላችሁ ዳኛው ከሳሹ ባቀረበው ብቻ ይወስናል። ውሳኔው ዶሜይኑን ማስተላለፍ ወይም መሰረዝ ነው፣ ካሳ የለበትም። ነገር ግን ኢሜይላችሁ፣ ገዢው የሚያውቀው አድራሻ፣ የታተመው ካርድ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አሜሪካ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ የሌላውን ምልክት ያለ ቅን ልቦና በዶሜይን ለያዘ ሰው ሕጉ በአንድ ዶሜይን ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ይፈቅዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ልጨምር። ማስጠንቀቂያ ሲደርስ «5,000 ዶላር ስጡኝና ልልቀቅላችሁ» ብሎ መመለስ ራስን ማስያዝ ነው። ካወጣችሁት ወጪ በላይ ጠይቃችሁ ለምልክቱ ባለቤት ለመሸጥ መሞከር በደንቡ ውስጥ የክፉ ልቦና ማስረጃ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ደብዳቤ ከመጣ ቀኑን መዝግቡ፣ ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ ዋጋ አትጥሩ።

ቦሩሜዳ
የውል_ሰው ያለው ልክ ነው። እኔ በቀሩት በሁለቱ ላይ ልናገር።

«ወሎ ኦፓል ሾፕ» ክስ የመጋበዝ ዕድሉ ትንሽ ነው። ድንጋዩ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ገበያ የሚታወቀው በዚሁ ስም ስለሆነ ቃሉ የዕቃው መግለጫ ነው። ችግሩ ከሌላ በኩል ነው፤ የእናንተ ብሎ የሚያስከብርላችሁም የለም። ነገ አንዱ ሕንድ አገር ጃይፑር ላይ ተቀምጦ አንዲት ፊደል ለውጦ ቢከፍት የምትይዙበት ነገር የላችሁም። መንግሥት ራሱ ሐረርንና ሲዳሞን ለቡና ምልክትነት አሜሪካ ሲያቀርብ መጀመሪያ «የቡና ዓይነት መግለጫ ነው» የሚል ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ የቦታ ስም እንዲህ ያስቸግራል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «ጦሲና» ነው። ወሎ ኦፓል የሚለውን በገጹ ርዕስና በዕቃው መግለጫ ላይ እንደ ልባችሁ ጻፉት፤ ፈላጊ በዚያው ያገኛችኋል።

ግን «ጦሲና»ንም ሳታጣሩ አትግዙ። የንግድ ምልክቶች የሚፈለጉበት የዋይፖ ግሎባል ብራንድ ዳታቤዝ በነፃ ነው። እዚያ ስሙን በላቲን ፊደል በሁሉም አጻጻፉ ፈልጉ፦ «ጦ»ን በአንድ ቲ፣ በቲና ኤች፣ በቲና ኤስ፤ «ሲ»ን በአንድ ኤስ፣ በሁለት ኤስ፣ በዜድ። መመሳሰል በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም ይታያል፣ እኛ ደግሞ «ጦ»ን ወደ ላቲን ስንገለብጥ ወጥ አጻጻፍ የለንም። ከዚያ ውጤቱን ምልክቱ በተመዘገበበት የዕቃና የአገልግሎት ምድብ አጥቡ፤ ጌጣጌጥና የከበረ ድንጋይ ምድብ 14፣ የችርቻሮ ሽያጭ አገልግሎት ምድብ 35 ነው። በምድብ 7 ያለ የማሽን ፋብሪካ ተመሳሳይ ስም ቢኖረው ብዙ አያስጨንቅም፣ በጣም የታወቀ ካልሆነ በቀር። ጊዜው ያለፈበትን ከሚሠራው ለዩ፣ ዕቃ የምትልኩባቸውን አገሮች አንድ በአንድ እዩ። የአገር ውስጡን ባለሥልጣኑ ዘንድ አስጠይቁ። ዶሜይኑ ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ሆኖ ያውቅ እንደሆነም የድሮ ገጾችን ቅጂ በሚያሳየው በዌይባክ ማሽን ተመልከቱ።

ማጣራቱ ንጹሕ ከሆነ ዶሜይኑን በዚያው ቀን ግዙ፣ የምልክት ማመልከቻውንም ቶሎ አስገቡ። ማመልከቻው ለተቃውሞ ሲታተም ሌላው ሰው ለመቃወም 60 ቀን አለው። ከተመዘገበ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ዶሜይኑ በድርጅቱ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ ገጹን በሠራላችሁ ልጅ ስም ከሆነ ከሱ ጋር ስትለያዩ ሌላ ጣጣ ነው።

ፒያሳ_ሞባይል
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ደሴ ላይ ስልክ እንጠግናለን፣ የብዙ ኩባንያ። «ሳምሰንግ ደሴ» ብለን ዶሜይን ብንይዝስ? የምንሠራው እኮ የእውነት ነው።

የውል_ሰው
ወንድሜ፣ የእውነት መሥራታችሁ ብቻውን አይበቃም። የዋይፖ ዳኞች ጠጋኝና ቸርቻሪን የሚመዝኑበት መስፈርት አለ፦ አገልግሎቱ በእርግጥ መሰጠት አለበት፤ ገጹ ላይ የሚሸጠውም የሚጠገነውም የዚያው ምልክት ብቻ መሆን አለበት፤ ከኩባንያው ጋር ያላችሁ ግንኙነት ምን እንደሆነ ወይም እንደሌለ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የዚያን ምልክት ዶሜይኖች ሰብስቦ መያዝም አይቻልም። እናንተ የብዙ ኩባንያ ስልክ ስለምትጠግኑ ሁለተኛው ላይ ትወድቃላችሁ። ዶሜይኑ በራሳችሁ ስም ይሁን። ገጹ ውስጥ «ሳምሰንግ ስልክ እንጠግናለን» ብላችሁ በተራ ጽሑፍ፣ ሎጎውን ሳትለጥፉ ጻፉ፤ ከሥሩም የኩባንያው ወኪል አለመሆናችሁን አንድ መስመር ጨምሩ።