የሰፈራችንን ፕላን ጀምረን መሃል ላይ ቆምን፣ ያለፈበት ሰው ይርዳኝ

ሰላም ነው? በቀጥታ ልግባ። አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ ነው የምኖረው፣ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ወረቀት የተባለ ነገር ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። ስምንት ሆነን የሰፈሩን ፍላጎት ራሳችን ጽፈን እናስገባ ብለን ተነሳን፤ ልጆች የት ይጫወቱ፣ ጉሊት የሚሸጡት እናቶች የት ይሁኑ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በየት ይውረድ። አሁን ሦስት ቀርተናል።

አዋጁን አንብቤያለሁ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያስቀምጣል፤ ለከተማው በሙሉ መዋቅራዊ ፕላን፣ ከሱ ስር ደግሞ ለአንድ የከተማው ክፍል የሚወጣ የአካባቢ ልማት ፕላን። የኛ ነገር ከሁለተኛው ጋር ነው የሚሄደው። ግን ነዋሪ የሠራውን ሐሳብ በምን መልክ፣ ለማን ያስገባል? አንድ ቢሮ ሄጄ "ጥሩ ነው፣ ጻፉና አምጡ" ተባልኩ። ጽፌ ስመለስ ሰውየው ተቀይሯል።

ካርታችን የብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተሳለ ነው፣ አትሳቁ። አንዲት እማማ ጣታቸውን አሳርፈው "እዚህ ጋ ቦይ ነበር፣ ስለተደፈነ ነው ውሃው ቤቴ የሚገባው" አሉ፤ ማንም አላመናቸውም ነበር፣ በአካፋ ስንቆፍር ግን ቦዩን አገኘነው።

ባለሙያ የምንከፍልበት ብር የለንም። የምፈልገው እንደኔ ተራ ሰው ሆኖ በሰፈሩ ይህን የሞከረ ነው፣ ቢከሽፍበትም ግድ የለም። ሰው መሸሽ ሲጀምር ምን አደረጋችሁ? ግማሹ ተከራይ፣ ግማሹ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሲሆን ስብሰባውን እንዴት ያዛችሁት? ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ እንገናኝ፣ ቡናው በኔ ነው።