ጎንደር፦ ገበያና ጎርጎራ በአንድ ቀን?

ጎንደር ከመጣሁ ገና 5 ወሬ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ፣ ከሳንታ ሞኒካ ከተማ ሊጠይቁኝ መጥተዋል። እዚያ መኪና ከማይገባበት የሱቆች ጎዳና ወጥተው ትንሽ ከተራመዱ ባሕሩ ነው። ትናንት ፋሲል ግቢን ካየን በኋላ "ውሃ ዳር ፎቶ አንሣኝ" ሲሉ ፋሲል መዋኛ ወሰድኳቸው። ደረቅ ገንዳ! ለካ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስልኩን አቀብለውኝ፣ ዝም ብለው ቁልቁል አዩት። ምሳም አልቀናንም፤ ረቡዕ ነበርና ያማራቸው ጥብስ የለም።

እሑድ ይበራሉ። ቅዳሜ ገበያ ጥበብና መሶብ መግዛት፣ ጣና ዳር ደግሞ ዓሣ መብላት ይፈልጋሉ። ጉልበታቸው ብዙ አያስኬዳቸውም። ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወጥተን፣ ምሳ ጎርጎራ በልተን፣ ሳይመሽ በሚኒባስ መመለስ እንችላለን ወይስ ኮንትራት መኪና ልያዝ?