በኢንክስኬፕ (የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም) ክብን በመስመሮች ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ማቅለም አልተቻለም (አስቸኳይ)

ብርሌ፦ ለምግብ ቤት የመሶብ ክዳን የሚመስል ዓርማ እየሠራሁ ነው፤ ፋይሉ ዛሬ ማታ ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። በክቡ ላይ ሦስት የዚግዛግ መስመሮችን አሳልፌ ሁሉንም መርጬ ልቆርጥ ስል ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ብቻ ምረጥ ይለኛል። አንዱን መስመር ብቻ ይዤ ስቆርጥ ደግሞ የክቡ ቀለም ጠፍቶ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። ቀለም ስጨምርበት ዚግዛጉን ሳይከተል በቀጥታ መስመር ተቆርጦ ይሞላል።

ነጥብና መስመር፦ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ በቬክተር ሥዕል ቅርጽ የሚገለጸው በነጥቦችና እነርሱን በሚያገናኙ መስመሮች መሆኑ ነው። ለዓይን አራት ቦታ የመሰለው ለፕሮግራሙ አሁንም አንድ ክብ ነው። መሠረቱን ሳይማሩ ሥራ መቀበል ደግሞ ውጤቱ ይኸው ነው።

ሰማያዊ ብዕር፦ የባልዲውን መሣሪያ ይዘው ክፍሉን ቢጫኑት ይሞላል።

ቆሎ፦ መሶቡ አራት ቦታ ከተከፈለ እንጀራው ለማን ሊደርስ ነው?

የማተሚያ ቤቱ ልጅ፦ ባልዲው የሚሞላው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ተከትሎ ስለሆነ፣ አጉልተው ሲያዩት በቀለሙና በመስመሩ መካከል ክፍተት ያገኛሉ። እርስዎ የተጠቀሙት «ከት ፓዝ» የተባለውን ትእዛዝ ይመስለኛል፤ እርሱ የውስጡን ቀለም አጥፍቶ ጠርዙን ብቻ ይቆራርጣል። በኮንትሮል ዜድ ይመለሱና ሦስቱን መስመሮች ብቻ መርጠው በኮንትሮል ኬ አንድ ያድርጓቸው፤ ያኔ ሁለት ነገር ብቻ ይሆናሉ። የመስመሮቹ ጫፎች ከክቡ ጠርዝ ወጣ ማለታቸውን፣ መስመሮቹም ከክቡ በላይ መሆናቸውን አረጋግጠው ከክቡ ጋር በመምረጥ ከ«ፓዝ» ሜኑ ክቡን ከነቀለሙ የሚከፋፍለውን «ዲቪዥን»ን ይጫኑ።

ጥቁር ዳራ፦ መቁረጡ ራሱ ለምን አስፈለገ? ባለቀለም ዚግዛግ ቅርጾችን ደርድሮ በክቡ «ክሊፕ» ማድረግ (ከክቡ የተረፈውን መደበቅ) ይበቃል፤ ደንበኛው ነገ ሐሳቡን ቢቀይርም ለማስተካከል ይቀላል።

ሰማያዊ ብዕር፦ እኔ ግን አሁንም ባልዲው ይቀላል እላለሁ።

የማተሚያ ቤቱ ልጅ፦ ክሊፕ ማድረጉም ያስኬዳል። ከቆረጡት ግን በክፍሎቹ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ሊታይ ስለሚችል፣ ከሥር ያልተቆረጠ ክብ በአንዱ ቀለም ያስቀምጡ።

ነጥብና መስመር፦ የኢንክስኬፕ እትሙ 1.3 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ፣ የተደራረቡ ቅርጾችን ክፍሎች በመጫን አዲስ ቅርጽ የሚሠራበት «ሼፕ ቢልደር» የተባለው መሣሪያም አለ። የትኛውን እትም ነው የሚጠቀሙት?