«ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ምን ማለት ነው?

የዘጌ ልጅ፦ ወገኖች፣ አንድ አነጋገር እንቅልፍ ነሳኝ። አጎቴ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከዘጌ የሄደ፣ የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ የቀረ ነው። መርዶው የመጣው ከግንቦት 1983 በኋላ፣ ተማርኮ የነበረ ጓደኛው ሲመለስ ነው። አስከሬን ስላልነበረ ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተው አለቀሱበት። ሰሞኑን አክስቴ ቡና እየለቀመች ድንገት «የወንድሜ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» አለች። እኔ «ከልብ የፈሰሰ ደም» ይመስለኝ ነበር። ምን ማለቷ ነው?

ባለዜማው፦ ግእዝ ነው ወንድሜ። ከልብ ውሻ ነው፤ ደመ ከልብ የውሻ ደም። በስቅለት «ዐገቱኒ ከለባት ብዙኃን» ሲባል የምትሰማቸው እነዚያው ናቸው። «ደም» ዘርፍ ሲይዝ «ደመ» እንደሚል የንባብ ተማሪም ያውቀዋል።

ሰከላ፦ ውሻ ቢገደል ደሙን የሚመልስ፣ ካሣ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ያልተመለሰ ደም ማለት ነው። ጎጃም ውስጥ ሌላ ትርጉም አልሰማሁም።

የዘጌ ልጅ፦ በጦርነት ለሞተ ሰው ደመኛው ማን ሊሆን ነው? አክስቴ በማንም ላይ ቂም የላትም።

ቀለም ቀንድ፦ ሰከላ ላይ አልስማማም። ቃሉ በቀልን አይጠራም፤ ጠያቂ ማጣትን ነው። ልጆቻቸው ዘምተው የቀሩባቸው እናቶች ሲሉት ሰምቻለሁ። «ማን ገደለው» አይሉም፤ «የት ወደቀ፣ አፈር ያለበሰው አለ ወይ» ነው የሚሉት።

ሰከላ፦ ጠያቂ ማለት እኮ ደም መላሽ ነው! ጠይቆ ዝም የሚል አለ?

ባለዜማው፦ አለ እንጂ። በሽምግልና ደም የሚደርቀው ገዳይም ሟችም ሲታወቁ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ሁለቱም አይተዋወቁ። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት የቆየሁት ለዚህ ነው፣ ሰምና ወርቁን ለዩ።

አባይ ማዶ፦ «ወታደር» ራሱ እኮ «ወጥቶ አደር» ነው፤ ከቤቱ ወጥቶ የሚያድር። በእኛ አገር አፍ «ወቶ አደር» ሲባል ጥ ይዋጣል፣ ከዚያ ወታደር። ወዝ አደር ወዛደር እንደሆነው።

ቀለም ቀንድ፦ ሕዝብ የፈታው ፍቺ ነው፤ ሥሩ ስለመሆኑ ማስረጃ የለህም። አርሶ አደር ለምን «አርሳደር» አልሆነም?

የዘጌ ልጅ፦ ዘጌ ውስጥ ደግሞ በሬ አይጠመድም፣ አናርስም፤ ኑሯችን ቡናና ጌሾ ነው። አጎቴ አርሶ አደር ሳይሆን ወጥቶ አደር ሆነ። የመጨረሻ ደብዳቤው ላይ «እዚህም ባሕር አለ፣ ውኃው ግን አይጠጣም» ይላል። አክስቴ በላስቲክ ጠቅልላ ከዳዊቷ መሐል አኑራዋለች።

ሰከላ፦ ነፍስ ይማር። ጣናን «ባሕር» እያለ ላደገ ሰው ትልቅ ቃል ነው።

ባለዜማው፦ ደብዳቤው ካለ ደመ ከልብ አልሆነም፤ ለቅሶም ተዝካርም የወጣለት ሰው ነው።

ቀለም ቀንድ፦ መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተዝካር ለነፍስ ነው። እሷ ያለችው ስለ ደሙ ነው። የዘጌ ልጅ፣ በትክክል «ሆነ» ነው ያለችው ወይስ «ሆኖ ቀረ»? «ቀረ» ውስጥ መጠበቅም አለበት። ልዩነቱ ከባድ ነው።

የዘጌ ልጅ፦ «ሆኖ ቀረ»። እሑድ በጀልባ ስሻገር ራሷን እጠይቃታለሁ።