ለባሕር ዛፍና ለግቢ ዛፍ ሥራ የትኛው ቼይንሶ (የሞተር መጋዝ) ይሻላል? ካቴናውስ ለምን ወደ ቀኝ ይጎትታል?

ቅርንጫፍ

ሰላም ወገኖች። አራት ሆነን ዛፍ የመቁረጥ ሥራ እንሠራለን። አብዛኛው ሱሉልታና እንጦጦ ሥር ያለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ውፍረቱ ከ20 እስከ 45 ሴንቲ፣ አልፎ አልፎ 70 የሚደርስ ያጋጥማል። ቀሪው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ላይ ያዘነበለ የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያ ላይ ወጥቶ ከላይ እየቆረጡ ማውረድ ነው። ያለን አንድ 45 ሲሲ ማሽን ብቻ ስለሆነ ሁለት ልንጨምር ነው። ምን ዓይነት እንግዛ?

ያለው ማሽን ደግሞ ይጨሳል፣ ጉልበትም የለውም። ካቴናውን (ጥርስ ያለውን ሰንሰለት) ሞርደነው ነበር፤ አሁን ቆረጣው ወደ ቀኝ እየጠመመ ባሩ (ካቴናው የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) ግንዱ ውስጥ ይያዛል። ለካቴናው የምንሞላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። በሚቀጥለው ወር ጋምቤላ ሥራ ስላለን ከዚያ በፊት ቢስተካከል ደስ ይለኛል።

ግንደ ቆርቁር

ወንድሜ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ማሽን እንዳትገዛ። የያዝከው 45 ሲሲ ለቅርንጫፍና እስከ 30 ሴንቲ ላለ ግንድ ይበቃል። የጎደለህ ከሱ የሚበልጠውና ከሱ የሚያንሰው ነው።

ትልቁ ከ65 እስከ 72 ሲሲ ይሁን፤ ስቲል 381 (72.2 ሲሲ) ወይም ሁስቫርና 372 (70.7 ሲሲ) የሚባሉት ዓይነት። ባሩ 50 ሴንቲ ይብቃው። 70 ሴንቲውን ግንድ ከሁለት ወገን ገብተህ ትጨርሰዋለህ፣ ለሱ ብለህ ረጅም ባር አትጫንበት። ሱሉልታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስስ ነው፤ ሞተሩም ከጉልበቱ የዚያኑ ያህል ያጣል። ረጅም ባር ሲጨመርበት ደረቅ ባሕር ዛፍ ውስጥ ካቴናው ይቆማል፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይግላል።

ትንሹ እጀታው ከላይ የሆነው ነው፤ ከ30 እስከ 35 ሲሲ፣ 30 ወይም 35 ሴንቲ ባር። ይህ ዛፍ ላይ ለወጣ ሰው ብቻ የተሠራ ነው። ቀላል ነው ብለው መሬት ላይ ሲጠቀሙበት አያለሁ፤ አይሆንም። ሁለቱ መያዣዎች ስለሚቀራረቡ የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ነክቶ ወደ ኋላ ሲወረወር የምትመክትበት ክንድ የለህም። የሚደርሰው ፊትህና አንገትህ ላይ ነው።

ስትገዛ ቀለሙን ብቻ አትይ። ሴሪ ቁጥሩ አካሉ ላይ የተቀረጸ መሆኑንና ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን እይ። የካቴናውን ፍሬን ያዝና ቢበዛ ለሦስት ሰከንድ ሙሉ ነዳጅ ስጠው፤ ካቴናው ከተንቀሳቀሰ ተወው። ከባሩ ሥር ካቴና ሲበጠስ የምትይዘዋ ጥፍር መኖሯን፣ እጀታው በጎማ ወይም በስፕሪንግ መለየቱን አረጋግጥ። ጎኑ ላይ 52 ወይም 58 የተጻፈባቸው ርካሽ ማሽኖች ለቤት ማገዶ ይሆናሉ፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ቡድን ግን አይደሉም። የተጻፈው ሲሲም ሁልጊዜ የውስጡ አይደለም።

ከማሽኑ ጋር አብረህ የምትገዛው፦ ለአንድ ማሽን ቢያንስ ሦስት ካቴና፣ አንድ ስፕሮኬት (ካቴናውን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ብረት)፣ ሁለት ካንዴላ፣ የአየርና የቤንዚን ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድ። ይህን ሱቁ ውስጥ ካላገኘህ ማሽኑንም እዚያ አትግዛ።

ሚኒሞ

ስለ ጭሱ። መጀመሪያ ካርቡራተሩን አትንካ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እጠብ፤ የባሕር ዛፍ ዱቄት ቅባት ስላለው በመንፋት ብቻ አይለቅም። ካንዴላውን ፍታ፣ ክፍተቱን 0.5 ሚሊ ሜትር አድርግ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ክፈትና ከአፉ ላይ ያለችውን ወንፊት እይ፤ ጥቀርሻ ከደፈናት ማሽኑ ትንፋሹ ይያዛል። ጉልበት የለውም ተብሎ ካርቡራተሩ የሚቀየርበት ማሽን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህች ወንፊት ላይ ነው።

ከዚያ ድብልቁ። በአየር ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ጥሩ ዘይት ከሆነና የማሽኑ መመሪያ 50 ለ1 ካለ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንድ ሊትር ሃይላንድ 20 ሚሊ ይሆናል፤ በፋርማሲ ሲሪንጅ ለካው። በክዳን እየሰፈርክ የምትጨምር ከሆነ ጭሱ ከዚያ ነው። ከመሙላትህ በፊት ነቅንቀው፤ ከወር በላይ የቆየ ድብልቅ አትጠቀም።

አሁን ዋናው። ከፍታ ላይ አየር ሲያንስ ቤንዚኑ በዝቶ ይገባል፤ ሞተሩ ታፍኖ ይጨሳል። ይህ የሚስተካከለው ካርቡራተሩ ላይ ባለችው ኤች በምትለዋ ብሎን (በሙሉ ነዳጅ ጊዜ የሚገባውን ቤንዚን የምትቆጣጠረው) እንጂ ዘይት በመቀነስ አይደለም። ዘይት የቀነሰ ፒስተኑን ነው የሚበላው። መጀመሪያ ኤል (የዝቅተኛው ዙር ብሎን)፣ ከዚያ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ልክ)፣ በመጨረሻ ኤች። ኤችን ወደ ሰዓት አቅጣጫ በአንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ እያጠበቅህ አዳምጥ። ያለ ሥራ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በትንሹ እየተንተባተበ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ጥርት ካለ ልኩ ላይ ነህ። ያለ ሥራ እንደ ወባ ትንኝ ጥርት ብሎ ከጮኸ ቤንዚን አንሶታል፣ ወዲያው መልስ።

ጋምቤላ ያልከው ነው ያስደነገጠኝ። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፣ ጋምቤላ 500 አካባቢ። እዚህ ያጠበቅኸውን ኤች ሳትመልስ እዚያ ሙቀት ውስጥ ብታስነሳው አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፣ ፒስተኑ በአንድ ቀን ይነክሳል። አሁኑኑ የመነሻውን ቦታ በማርከር ምልክት አድርግና ስንት ስምንተኛ እንዳዞርክ ማሽኑ ላይ ጻፍ። ከመሄድህ በፊት ወደ መመሪያው ልክ መልሰህ እዚያ ከስር አስተካክል። አዲሱን ስትገዛ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያስተካክለውን (ስቲል ኤምትሮኒክ፣ ሁስቫርና አውቶቲዩን የሚሉት) ከቻልክ እሱን ውሰድ፤ ለእናንተ ዓይነት ወጣ ገባ ሥራ ዋጋውን ያወጣል።

ሞረድ

ወደ ቀኝ ከጎተተ የግራ ጥርሶች ናቸው የደነዙት ወይም ያጠሩት። ካቴና የሚሄደው ወደ ተሳለው ወገን ነው። ቀኝ እጁ የሚበረታ ሰው አንዱን ወገን በኃይል፣ ሌላውን በመዳሰስ ስለሚሞርድ ይህ የተለመደ ነው። ሁሉንም ጥርስ በካሊፐር ለካ፣ አጭሩን ፈልግ፣ ሌሎቹን ሁሉ ወደሱ አውርድ። ያሳዝናል ግን ሌላ መንገድ የለውም። የላይኛው ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ካቴናው አብቅቷል።

ሞረዱ ከካቴናው ጋር መግጠም አለበት። ባለ .325 ካቴና (ቁጥሩ የካቴናው መጠን በኢንች ነው) 4.8 ሚሊ፣ ትንሹ ማሽን ላይ ያለው ዝቅ ያለው 3/8 ደግሞ 4 ሚሊ፣ የትልቁ ሙሉ 3/8 ባለ 5.2 ወይም 5.5 ነው፤ እንደ ካቴናው አምራች። ያላወቅኸውን ካቴና ባገኘኸው ሞረድ አትሳል። አንግሉ 30 ዲግሪ፤ ጥርሱ ላይ የተቀረጸችውን መስመር ተከተል። ሞረዱ ከውፍረቱ አንድ አምስተኛ ያህል ከጥርሱ ጫፍ ከፍ ብሎ ይታይ። ወደ ፊት ብቻ ግፋ፣ ስትመልስ አንሳው፤ ወደ ኋላ የተጎተተ ሞረድ የራሱን ጥርስ ይበላል። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር፣ ሦስት ከሆነ ሦስት።

ሰው የሚረሳው ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ ነው። እሷ ናት ጥርሱ ምን ያህል እንደሚገባ የምትወስነው። ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ዝቅ ማለት አለባት። ጥርሱ በተሳለ ቁጥር ስለሚያጥርና ስለሚወርድ ጉብታዋ ከፍ ብላ ትቀራለች፤ ከዚያ ማሽኑን ስትጫነው ብቻ ነው የሚቆርጠው፣ የሚወጣውም ዱቄት ነው። የተሳለ ካቴና ጥፍር የሚያክል ስብርባሪ ነው የሚያወጣው። በየሦስት ወይም አራት ሙረዳ በመለኪያው ፈትሽና በጠፍጣፋ ሞረድ አውርዳት። ግን አብዝተህ አታውርድ፤ ጥርሱ ከሚችለው በላይ ይነክሳል፣ ማሽኑ ይዘላል።

ካቴናውን አስተካክለህም ከጎተተ ባሩን እይ። ፈተህ በጠርዙ መስታወት ላይ አቁመው፤ ቀጥ ብሎ ካልቆመ አንዱ ከንፈር ተበልቷል። ካቴናው በተሳለ ቁጥር ባሩን ገልብጠው፣ ጉድጓዱን ጥረግ፣ የወጣውን ስል ጠርዝ በሞረድ አንሳ። የጉድጓዱ ጥልቀት ለትልቁ 6 ሚሊ፣ ለትንሹ 5 ሚሊ ካልሞላ ካቴናው የጉድጓዱን ወለል ይነካል፣ ባሩ ይጣል። ስፕሮኬት በየሁለት ካቴናው ይቀየር፤ ያረጀ ስፕሮኬት አዲስ ካቴና ያበላሻል።

ቅርንጫፍ

ጋሼ ሞረድ፣ ለካሁት፤ የግራዎቹ በአንድ ሚሊ ያጥራሉ። የተቃጠለ ዘይቱስ? ካቴናው አንዳንዴ ደረቅ ይሆንብናል።

ሞረድ

የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፤ ፓምፑን ይፍቃል፣ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቆዳህና ልብስህ ላይም ይረጫል። የካቴና ዘይት ካጣህ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይሻላል፤ ሳይጣበቅ ስለሚረጭ ግን መጠኑን ጨምርለት።

የባሕር ዛፍ ልጡ እንደ ገመድ እየተላጠ ስፕሮኬቱ ሥር ይጠቀለላል። ሽፋኑን በየቤንዚን ሙሌቱ ክፈተው፤ የእርጥብ ልጥና የዱቄት ድብልቅ ዘይት የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲሸፍነው ታያለህ። በእንጨት ስንጥር ጥረገው። ከዚያ የባሩን ጫፍ ነጭ ካርቶን ላይ 20 ሴንቲ ርቀህ አነጣጥረህ ነዳጅ ስጥ፤ የዘይት መስመር ካልታየ አትቁረጥ። ቤንዚኑ ሲያልቅ የዘይቱ ታንክ ሊያልቅ የተቃረበ መሆን አለበት። ሙሉ ሆኖ ካገኘኸው ተደፍኗል።

ላይ ወጪ

ከላይ ስለ ማሽን ብቻ ተነገረ፤ ወጪው ሰው ግን የሚንጠለጠለው በገመድ ነው። የመውጫ ገመድ የማይለጠጥ፣ ውፍረቱ ከ11.7 እስከ 13 ሚሊ የሆነ፣ የጥንካሬ ምልክቱ በኪሎ ኒውተን የተጻፈበት ይሁን። ገበያ ላይ በሜትር የሚሸጥ ናይለን ምን ያህል እንደሚችል የሚነግርህ የለም። ማሽን በሚነሳበት ሰዓት ከዛፉ ጋር የሚያስርህ ሁለት መያዣ ገመድ ይኑርህ፤ ከማሽኑ አጠገብ ያለው ውስጡ ብረት ያለበት ቢሆን ይመረጣል፣ ካቴናው ገመድን በቅጽበት ነው የሚበጥሰው።

ግንድ የምታወርድበት ገመድ ሌላ ነው፣ በሱ አትወጣም። 40 ሴንቲ ውፍረት፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ ወደ 125 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሜትር ወድቆ ገመድ ሲይዘው ጭነቱ የክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቁራጩን አሳጥር፣ 14 ወይም 16 ሚሊ ገመድ ተጠቀም፣ ከታች ያለው ሰው ገመዱን ግንድ ላይ ጠቅልሎ እያላላ ያውርደው እንጂ በእጁ አይያዝ።

እግር ላይ የሚታሰረው የብረት ጥፍር ለሚወርድ ዛፍ ብቻ ነው፤ የሚቀረውን ጽድ ሲከረክም ልጡን እየበሳ በሽታ ያስገባል። ገመዱን ከሥራ በፊት በባዶ እጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሰው፤ እብጠት፣ መሳሳት ወይም በመጋል የተንፀባረቀ ቦታ ካገኘህ ከዚያው ላይ ቆርጠህ ጣለው። ከቤንዚንና ከባትሪ ጋር በአንድ ጆንያ አይጫን። ቼይንሶ የሚከላከለው ሱሪ የሚሠራው ውስጡ ያለው ረጅም ክር ስፕሮኬቱ ላይ ተጠቅልሎ በማቆም ነው፤ አንዴ ካቴና ከነካው በመርፌ ሰፍተህ ደግመህ አትልበሰው።

ቅርንጫፍ

እግዜር ይስጥልኝ። ማርሚታውን ዛሬ ከፈትኩት፤ ወንፊቱ ግማሹ በጥቀርሻ ተደፍኖ ነበር። ኤችን ገና አልነካሁትም። ካጠበቅሁት በኋላ ጋምቤላ ስንደርስ ነው ወይስ እዚሁ ከመነሳታችን በፊት የምመልሰው?

ሚኒሞ

እዚሁ፣ ከመጫንህ በፊት። እዚያ ደርሶ የሚያስነሳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።